ቀን ሲባል ከነሌሊቱ

የካቲት 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ቆቦ

ዛሬ ሦስት ቀበሌ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰብስበን አንድ ጉድጓድ ስናካፍል ዋልን። ስናካፍል ማለቴ ለወጉ ነው። እስከ ምሳ ድረስ የተከራከርነው ስለ አበል ነበር፤ ስብሰባው አሥር ሰዓት ላይ ካለቀ ሙሉ ቀን ይባላል ወይስ ግማሽ ቀን? የገደማ ቀበሌ ሊቀ መንበር አራጌ ከረባቱን አስተካክሎ ተነሣና «ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ ይወስንልን» አለ። ቤቱም ወሰነ። ሙሉ ቀን ነው፤ ያለ ተቃውሞ፣ ያለ ድምፀ ተዓቅቦ። ለአበል ሲሆን ይህ ሕዝብ እንዴት ይስማማል እናንተዬ! የሸንተረር ቀበሌ ሊቀ መንበር ውዱ እንኳ ተኝቶ ነበር፤ እጁን ግን አወጣ።

እኔ በደብዳቤዬ ላይ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ፣ በሥራዬ ቃለ ጉባኤ ያዥ። የጋራ ውሃ ማስተባበሪያ የሚባለው መሥሪያ ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ ዘካሪያስ ነው። ዘካሪያስ አስተባባሪያችን ነው፤ «ቅንጅት» የምትለዋን ቃል ዛሬ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተናገራት። ቆጥሬያለሁ፤ ሌላ የምጽፈው ነገር አልነበረም።

የካቲት 4፣ ዓርብ

አሁንም አልተስማሙም። ነገሩ እኮ ለሕፃን የሚገባ ነው። ጉድጓዱ ያለው ገደማ ላይ፣ ከሮቢት ወዲህ አስፋልቱ ዳር ነው። ሸንተረር ከተራራው ሥር ነው። ጨፌ ደግሞ ከአስፋልቱ አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር መውረጃው ላይ ነው። ሞተሩ ባንድ ጊዜ የሚችለው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ተራ ያስፈልጋል። ተራ! ሴቶች ቦኖ ላይ ጀሪካን ደርድረው ማንም ሳይሰበስባቸው የሚያደርጉትን ነገር እኛ በማይክራፎንና በታሸገ ውሃ ተከበን አቃተን።

አምና ክረምቱ ቀርቷል። ጨፌ ማሽላ አልቆረጠችም፣ ከብቷንም ጨርሳለች። አሁን የምትጠጣው ቦቴ መኪና በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚያመጣላትን ነው። አራጌ ይህን እያወቀ ዛሬ ስለ ገደማ የመኪና እጥበት ሩብ ሰዓት ሙሉ አወራ። «ኢንቨስትመንት» ይለዋል። ሁለት ጎማና አንድ የሳሙና ባልዲ!

የካቲት 11፣ ዓርብ፣ ጎብዬ፣ እናቴ ቤት

ተፈረመ። ገደማ ሦስት ቀን፣ ሸንተረር ሁለት ቀን፣ ጨፌ ሁለት ቀን። የጨፌ ረቡዕና ቅዳሜ ነው። ይህችን ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጀብን።

ሁሉም ፈርሞ፣ ወንበር ሲንኳኳ፣ የጨፌው ተወካይ አባባ ከማሉዲን ዱላቸውን አነሡ። ሰማንያ ዓመት ይሆናቸዋል። በዘጠኙ ቀን ውስጥ ቃል ተናግረው አያውቁም ነበር።

«ሌሊቱስ?» አሉ።

«የምኑ ሌሊት አባባ?» አልኳቸው።

«ረቡዕ የናንተ ነው ብላችሁናል፣ አልሐምዱሊላህ። የረቡዕ ሌሊትስ የማን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አራጌ «ሌሊትማ የእንቅልፍ ነው አባባ!» ብሎ ጨመረበትና ውዱ ነቃ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያ በትሕትና መለስኩላቸው፤ «አባባ፣ ቀን ሲባል ከነሌሊቱ ነው፤ ሃያ አራት ሰዓት ማለት ነው።»

«እንግዲያው ይጻፍልኝ ልጄ።»

«ግልጽ የሆነ ነገር አይጻፍም» አልኳቸው።

አየት አደረጉኝና ተቀመጡ። ምን ላድርግ? ሦስቱም ኮፒ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ነበር። መብራት ጠፍቷል። የጎብዬ ሚኒባስ ደግሞ የመጨረሻው ነበር። እናቴ ይህን ስነግራት «ሽማግሌ ሲናገር መስማት ነው» አለች። እሷ ደግሞ ማን ጠየቃት።

የካቲት 19፣ ቅዳሜ

ምረቃ። ጨፌ ላይ ድንኳን፣ ባነር፣ ሪባን። ስድስት ንግግር። ውሃው መጣ፣ እልልታው ቀለጠ። እንዴት አይመጣ! ለእንግዶቹ ሲባል ሞተሩ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልጠፋም።

ዘካሪያስ «ቅንጅት ይህን ይመስላል» ብሎ አለቀሰ። ሙች፣ እንባ አውጥቶ አለቀሰ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ልብ ያላት አንዲት ሴት ብቻ አየሁ፤ የአባባ ከማሉዲን ልጅ ሀሊሜ። ንግግሩ ሳያልቅ ሁለት ጀሪካኗን ሞልታ በአህያ ጫነችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ሪፖርቱን ዛሬውኑ ጻፍኩ። «የጨፌ ቀበሌ ነዋሪዎች የቧንቧ ውሃ ተጠቃሚ ስለሆኑ የቦቴ አቅርቦቱ ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ቢዛወር።» ቆንጆ ዐረፍተ ነገር ነው። ዘካሪያስ ሁለቴ አነበበው።

መጋቢት 2፣ ዓርብ

ሀሊሜ ደወለች። ኔትወርክ የለም። «ይመጣል ይሄዳል» ትላለች። ምኑ? ውሃው። «መቼ ይሄዳል?» ተቆረጠ። ሰው እኮ ሲሰጡት ወዲያው ማማረር ይለምዳል። ስብሰባ አለብኝ።

መጋቢት 5፣ ሰኞ

ሀሊሜ ደግማ ደወለች። አሁን በደንብ ተሰማኝ፤ ውሃው አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ሲመሽ ይቀራል። ሰልፉ ሳይጋመስ ይቀራል። ቦቴው ደግሞ ከመጣ ሁለት ሳምንት አለፈው።

ለዘካሪያስ ነገርኩት። «ግመል እያጠጡበት ይሆናል» አለ። ከዚያ «አጣሪ ኮሚቴ እናቋቁም» አለ። ለአጣሪው ኮሚቴ ደግሞ አስተባባሪ ንዑስ ኮሚቴ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ፤ እኛ ጋ እንቦጭም በኮሚቴ ነው የሚባለው።

በዚያውም ወልዲያ ላይ ለዞን የዕቅድ ቦታ ስሜን እንደላከ ነገረኝ። የሦስቱ ቀበሌ ስምምነት እንደ ምርጥ ተሞክሮ ሊቀርብ ነው አሉ። ደስ ብሎኛል። ለምን አይለኝ?

መጋቢት 7፣ ረቡዕ

ኮሚቴ ሳልጠብቅ ራሴ ሄድኩ። ረቡዕ የጨፌ ቀን ነው። ገደማ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ የጉድጓዱ ሞተረኛ ፈንታው ከሞተር ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ደግ ሰው ነው፣ አስቆረጠመኝ። እኔም ሰነፍ ሞተረኛ እጅ ከፍንጅ ልይዝ ነው ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሰነፍ አይደለም። ገና ጎህ ሲቀድ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሞተሩን አስነሥቷል። ውሃው መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ያለውን ትልቁን ማጠራቀሚያ መሙላት አለበት። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ሞላ፣ ወደ ጨፌም መውረድ ጀመረ። ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ፈንታው ይህን ሁሉ ያለ ሰዓት፣ በጥላ ነው የሚያውቀው።

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ተነሣ፣ እጁን አራገፈ፣ የጨፌን መስመር ዘግቶ የገደማን ከፈተ።

«ምን ማድረግህ ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

«ቀኑ አለቀ እኮ።»

«የረቡዕ ሌሊት አለ አይደለም እንዴ?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «እህቴ፣ ሌሊት ካልተባለ እንዴት ይሰጣል? በእኛ አገር ጎርፍ ለማሳ ሲካፈል ቀን ለብቻው ነው፣ ሌሊት ለብቻው ነው። ቀን የደረሰው ቀን ያጠጣል፣ ሌሊት የደረሰው ሌሊት ያጠጣል። አያቴ የውሃ አባት ነበር፤ ተራውን የሚዳኝ። በዚህ ነገር ስንት ሰው ሊጋደል ሲል አስታርቋል።» ከዚያ ገባና በላስቲክ የተጠቀለለውን ቃለ ጉባኤ ይዞ ወጣ። በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ፤ «ለጨፌ ቀበሌ ሁለት ቀን። ይኸው፣ ቀን ይላል። ሌሊት አይልም።» ከሥሩ የኔ ፊርማ አለ።

«ታዲያ ሌሊቱን ለገደማ ስጥ ያለህ ማን ነው?»

«እኔማ ጠየቅሁ። አቶ አራጌ ‹የማንም ካልሆነ የባለጉድጓዱ ነው› አሉኝ።»

ስመለስ አስፋልቱ ዳር ሦስት ኢሱዙ ተሰልፎ አረፋ በአረፋ ሆኗል። ጨፌ ቀኑን ሙሉ ስታስሞላው የዋለችውን ማጠራቀሚያ ገደማ ማታ ታጥብበታለች። ጨፌ የሚደርሳት በሳምንት አራት ሰዓት ነው፤ ረቡዕ ሁለት፣ ቅዳሜ ሁለት።

ፈንታው ደንቆሮ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። አይደለም። የተጻፈለትን ያነበበ ብቸኛው ሰው እሱ ነው።

መጋቢት 8፣ ሐሙስ

በዚያ አዳራሽ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ መሐንዲስ ነበር። ከዞን የመጣ የሕግ ሰው ነበር። ዘካሪያስ ነበር። ለአበል ሲሆን የቀንን ትርጉም በድምፅ ያጸደቀ ቤት ሙሉ ሰው ነበር። ስለ ውሃው ቀን አንድም ሰው አልጠየቀም።

አንድም ሰው ማለቴ ከተማሩት ነው።

መጋቢት 15፣ ሐሙስ

ለዘካሪያስ ነገርኩት። ቃለ ጉባኤው መታረም አለበት፣ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ከነሌሊቱ»። ዘካሪያስ መነጽሩን አወለቀ። «በጊዜው ይህን ያነሣ ሰው ነበር?» አለኝ።

«አላስታውስም» አልኩ።

ምን ልበል? የወልዲያው ነገር ገና አልወጣም። ደግሞ ያን ቀን ስንት ነገር ተነሥቷል፤ ሁሉንም ማን ያስታውሳል።

ከሰዓት በኋላ አራጌ ተጠርቶ መጣ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ እኛ ደግሞ ፈርመናል» አለ። ገደማ የፈረመችውን አታፈርስም። «ሌሊት የሚባል ነገር በስብሰባው ላይ አልተወሳም። ተወስቶ ነበር እንዴ፣ ወይዘሪት ፍሬሰላም?» ብሎ ዐይን ዐይኔን አየኝ። እሱ ነው እኮ «ሌሊትማ የእንቅልፍ ነው» ብሎ ያሳቀው! ያውቃል። እንደማውቅም ያውቃል። እኔም ወደ ደብተሬ አቀረቀርኩ፣ እሱም ፈገግ አለ፣ ዘካሪያስ ሻይ አዘዘልን። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ምስጢር ተካፈልኩ።

መጋቢት 21፣ ረቡዕ

ሀሊሜ ቢሮ ድረስ መጣች። በእግሯ እስከ አስፋልት፣ ከዚያ በሚኒባስ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሻይ ልጋብዝሽ ስላት ውሃ ይሻለኛል አለች። ሦስት ብርጭቆ ጠጣች፤ አራተኛውን በያዘችው ላስቲክ ጠርሙስ ገለበጠችው።

«አርባ ምናምን አባወራ ወደ ወንዙ ወርዷል፤ አሸዋ ቆፍሮ ነው የሚጠጣው» አለች። «አባቴም ይቆፍራል። ተው ብንለው እምቢ አለ። ሰማንያ ዓመቱ ነው። ቅዳሜ እጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ አግኝተን አወጣነው።»

ኮሚቴው እየሠራበት ነው አልኳት። ይህን ስል አፌ አላፈረም።

«እህቴ፣ ቦቴውን መልሱልን። ቧንቧችሁን ውሰዱት» አለች።

ቦቴው ሌላ ቀበሌ ተመድቧል። ለማስመለስ ጨፌ የቧንቧ ተጠቃሚ አይደለችም ብዬ መጻፍ አለብኝ፤ ያኔ የሚጠየቀው ያለፈውን ሪፖርት የጻፈው ሰው ነው። ይህን አልነገርኳትም።

በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «አባቴ ‹እኔ ጠይቄ ነበር› ይላል። ማንን ጠየቅህ ስንለው ግን አይናገርም።»

መጋቢት 22፣ ሐሙስ

ሥራ አልገባሁም። አሞኛል ብያለሁ። አላመመኝም።

መጋቢት 27፣ ማክሰኞ

የወልዲያው ደብዳቤ ወጣ። ከግንቦት ጀምሮ የዞን ባለሙያ ነኝ። ዘካሪያስ ኬክ አስመጣ። ፆም መሆኑን ረስቶ የቅቤ ኬክ! አንድም ሰው ሳይበላው ቀረ።

ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት ጉድጓድ ውስጥ የወደቁትን ያን ሽማግሌ ነው። እንደምን ያለሁ ከንቱ ነኝ። ዘካሪያስን ስብሰባ ካልጠራህ ደብዳቤውን እመልሳለሁ አልኩት። ምርጥ ተሞክሮው እንዳይበላሽበት ደነገጠና ጠራ።

ሚያዝያ 4፣ ማክሰኞ

እነሆ እንደገና አዳራሹ፣ እንደገና የታሸገ ውሃ።

አራጌ ልቡ ትንሽ ራርቷል፤ ስለ ጨፌ ሬዲዮ ላይ ሊወራ ነው መባሉን ሰምቶ ይሆናል። «ሌሊቱን ብንለቅ አንጠላም» አለ። «ግን ገደማ ውሃ ሰረቀች እንዳይባል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ካልተጻፈ አልፈርምም።» የገደማ ክብር! ሦስት ኢሱዙ ያጠበ ክብር።

ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። መሐንዲሱ የሕግ ሰውየውን አየ፣ የሕግ ሰውየው ጣሪያውን። ዘካሪያስ በመጨረሻ «የሞተረኛው የአረዳድ ችግር ቢባልስ?» አለ። ፈንታው ከኋላ ተቀምጧል፣ ያችን በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት ይዟል። ተነሣ፤ ወረቀቱን ከላስቲኩ ማውጣት ጀመረ። ሥራውን ሊያጣ ነው። የአምስት ልጆች አባት ነው።

ልናገር ነበር። ይህን ስጽፍ አልዋሽም፤ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር፣ ልናገር ነበር። አባባ ከማሉዲን ቀደሙኝ።

«የኔ ጥፋት ነው» አሉ። ግንባራቸው ላይ የወደቁበት ቁስል ገና ቅርፊት አለው። «ሌሊቱን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ ቃሌ ተድበሰበሰ፣ በደንብ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ፈንታው ምን አደረገ? እንዲህ ብላችሁ ጻፉትና ሌሊቱን ስጡን።»

«እሰይ! ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው!» አለ አራጌ፣ ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ውዱም አጨበጨበ። ዘካሪያስ ወደኔ ዞሮ «ጻፊ» አለኝ።

ጻፍኩ። «የጨፌ ቀበሌ ተወካይ አቶ ከማሉዲን ጥያቄያቸውን በግልጽ ባለማቅረባቸው በተፈጠረ ጉድለት ምክንያት…» አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም። ሁሉም ፈረሙ። አባባ ከማሉዲን አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሲያትሙ ወረቀቱን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ እኔ ብቻ እንድሰማ።

ይህ ደብተር ቃለ ጉባኤ አይደለምና እዚህ ልጻፈው። አባባ ከማሉዲን ጠይቀዋል። በግልጽ ጠይቀዋል። ይጻፍልኝም ብለዋል። የመለስኩላቸው እኔ ነኝ፣ ያልጻፍኩትም እኔ ነኝ። በሰው ሁሉ ላይ ስስቅ የኖርኩ እኔ፣ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ።

የተሻሻለው ውሳኔ ለየቀበሌው ሕዝብ በንባብ ይሰማ ተብሏል። አንባቢዋ እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ

ጨፌ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ። ሕዝቡ ጥላ ፍለጋ ግድግዳው ሥር ተደርድሯል። አራጌ ለምስክርነት መጥቶ ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጧል። አባባ ከማሉዲን ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ናቸው፤ ሀሊሜ ከጎናቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው ከኋላ።

መግቢያውን አነበብኩ። የተገኙትን ስም አነበብኩ። ያችኛዋ መስመር ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ሕዝቡ ማይክራፎኑ የተበላሸ መስሎት ይጠብቃል። ቀና ስል ሀሊሜ እያየችኝ ነው።

«አባባ ጠይቀው ነበር» አልኩ። ማይክራፎኑን ከአፌ አርቄ ነው ያልኩት። የፊተኞቹ ሰምተዋል። አራጌም ሰምቷል፤ ከወንበሩ ተነሣ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ «ምን ማለት ነው ይሄ? እንግዲያው ፊርማዬን—» ማለት ጀመረ።

አባባ ከማሉዲን እጃቸውን ወደሱ ዘርግተው አስቀመጡት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። አልተቆጡም፣ ቆጣ ቢሉ ይሻለኝ ነበር።

«አንብቢ ልጄ» አሉ። «አሁን እውነት ብታወጪ ፊርማው ይፈርሳል፣ ውሃውም ይቀርብናል። ያንቺን ሸክም ሌላ ቀን ታወርጂዋለሽ። አንብቢ።»

ሀሊሜ አንገቷን ደፋች። ስለዚህ አነበብኩ። ስማቸውን፣ ባለማቅረባቸው የሚለውን፣ ጉድለት የሚለውን፣ በልጅ ልጆቻቸው ፊት፣ በማይክራፎን፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። «ረቡዕና ቅዳሜ ከነሌሊቱ» ስል ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ።

እሳቸውም አብረው አጨበጨቡ።